እቴቴ ያገናኘቻቸው ጥሪዎች

መስከረም 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሚጢጢ፣

ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ ከጉልበቴ ጋር ጠዋት ጠዋት ከመነታረኬ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። የላክሽው ታብሌት ደርሶኛል። ፋብሪካችን ከፈተለው ክር የረዘመ ዕድሜ ይስጥሽ። ሌላውን ምርቃት በቃል ጨርሼዋለሁና እዚህ አልደግመውም።

ያመጣችው መንገደኛ ደግ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ «ይኼ የእርስዎ ነው?» ስትለኝ «ስልክ ነክ ከሆነ የኔ ነው፣ ስጪኝ» አልኳት። ረጅሙ ወንድምሽ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ አሰማመረልኝ። መቼም መብራት ሠሪ ስለሆነ ሽቦ የሌለው ነገር ያናድደዋል። «ይኼ ዕቃ ቢበላሽ ምኑ ተይዞ ይጠገናል?» እያለ ሲያጉረመርም ዋለ፣ ግን አስተማረኝ። አረንጓዴውን ስነካ ሰው ይመጣል፣ ቀዩን ስነካ ሰው ይሄዳል። እኔ በጊዜዬ ይኼን ለማድረግ ስንት ገመድ ስሰካና ስነቅል ኖሬያለሁ!

የፋብሪካው ጡረተኞች ግሩፕ አላቸው። ገባሁበት። የማቅለሚያ ክፍሉ ሹም ሳይቀር አለ። ያ በስልክ ሲጮህ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ሰውዬ አሁን ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል ይልካል፣ ጉድ እኮ ነው። እኔም ጎረቤቴን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ታብሌት ግዢ ብዬ ጠምጄ ይዣታለሁ። ስልክ አላት፣ ግን ለመደወል ብቻ ነው የምትጠቀምበት። ከሰዓት በኋላ እንደ ድሮው ከሱቋ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሰው እናማለን። የኔ ታብሌት ከመሃላችን ይቀመጣል፣ እንደ ሦስተኛ አሮጊት።

ታዲያ ይኼ እያለ ለምን በወረቀት ትጽፊያለሽ እንዳትዪኝ። በጣት ፊደል መልቀም አይሆንልኝም፣ ስለዚህ የምልከው ድምፄን ብቻ ነው። ድምፅ ደግሞ ማን ጆሮ እንደሚገባ እኔ ነኝ የማውቀው። የሆድ ነገር በወረቀት ነው የሚያምረው።

አዲስ ልጅ የፋብሪካው ስልክ ማዞሪያ ላይ ሳስቀምጥ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የምነግራት። የመጣ ጥሪ ሳይገናኝ አይቀርም፤ የሰማሽውን ደግሞ እዚያው ወንበሩ ላይ ትተሽው ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ስንቱን ሰማሁ መሰለሽ! የማን ባል የትኛው ክፍል እንደሚደውል፣ ማን ሊባረር እንደሆነ ከራሱ በፊት አውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ሰዉ እስከ ዛሬ «ማዞሪያ» እያለ ሲጠራኝ ኩራት ኩራት የሚለኝ ለዚህ ነው።

መንገደኛ ከተገኘ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትሽ እቴቴ


ጥቅምት 24

ለምሳሳልሽ እቴቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ታረቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን በአውቶቡስ ውስጥ እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ሥራዬ ያው ነው። አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ኮሪደሩን ይዤያቸው ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐኪማችን የአረጋውያኑን ቤተሰቦች ሰብስቦ ሲያስረዳ እኔም ሻይ እያቀረብኩ ሰማሁት። በስተርጅና ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ሰዎች፣ በተለይ ከሰው ጋር ለመገናኘት የሚጠቀሙት፣ አእምሯቸው ሲነቃ እንደሚያይ ተናገረ። መድኃኒት ነው አላለም። «አእምሮ ሥራ ሲፈታ ነው የሚዝገው፤ ሰው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሥራ ነው» አለ። ወዲያው አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። ስለዚህ እቴቴ፣ ዝም ብለሽ ሥዕል ብቻ አትዪ። አውሪ፣ ተከራከሪ፣ ያንን የማቅለሚያ ሹም ድሮ ያልመለስሽለትን አሁን መልሺለት። አግዳሚዋንም እንዳትተዪ። እዚህ ያሉት የሚያወራቸው ሰው ያጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ቃላቸው ያልቃል፣ ቀጥሎ ሰዉ ይጠፋቸዋል። አንቺ እንደዚያ እንድትሆኚ አልፈልግም። ከእናቴ ወዲያ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።

እሁድ በድምፅ የነገርኩሽ ነገር ከአንቺና ከእኔ እንዳይወጣ። ረጅሙን ወደዚህ ላመጣው የጀመርኩትን ወረቀት ትቼዋለሁ። ጉዳዬን የያዘችው ጠበቃ አይሆንም ካለችኝ ቆየ፤ የራሴም የመኖሪያ ፈቃድ ገና ስላላለቀ ለእሱ መጠየቅ አልችልም። እሱ ግን በደወለ ቁጥር «የት ደረሰ?» ይለኛል፣ እኔም «እየሄደ ነው» እላለሁ። ያንን አፌን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር። ቋንቋ መማር ጀምሯል። መብራት ኃይል ቋሚ ሥራ ሊሰጠው ሲል «እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ትንሽ ጠብቁኝ» ብሎ አቆይቷቸዋል። እቴቴ፣ ጊዜ አግኝቼ ራሴ በአፌ ልንገረው። ለሌላ ለማንም ብነግረው እፈራ ነበር፣ ላንቺ ግን ጉድጓድ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው።

መነጽሩን በሚመጣው መንገደኛ እልካለሁ።

ሚጢጢሽ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለሚጢጢዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሰላም ለእጆችሽ ይሁን። መነጽሩ ደረሰኝ። ዓለም እንዲህ ጥርት ያለች መሆኗን ረስቼው ነበር። የጎረቤቶቼን መጨማደድ ሳየው ግን ብዥ እንዳለ ቢቀርብኝ ይሻለኝ ነበር አልኩ።

ሚጢጢ፣ እኔ ልጅ ሆኛለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ጠዋት ስነሳ ስልሳ ለሚሆን ሰው በድምፅ እንደምን አደራችሁ እላለሁ፣ ለእያንዳንዱ በየስሙ። ዓይኑን ያመመውን ስለ ዓይኑ፣ ልጇ የተመረቀላትን ስለ ልጇ። ከዚያ መልሱ ይመጣል፣ ተራ በተራ፣ ኪሊ ኪሊ እያለ። እንደ ድሮው የማዞሪያው መብራት ሲበራና ሲጠፋ ፊቱ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ሽማግሌው የማቅለሚያ ሹም ስለ ሚስቱ ሕመም አንድ ሰዓት አወራኝ። «አንቺ ትሰሚያለሽ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጮኾብኝ አሁን ገና መስማቴን አወቀ።

ልብስ ሰፊዋም በስልኳ ድምፅ መላክ ለምዳለች። ልጇ ካገባ ወዲህ ከምራቷ ጋር አንድ ቤት ነው ያሉት፣ አልተስማሙም። ቤት ውስጥ ምራቷ ስለምትሰማት ሱቋ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ እያለቀሰች በድምፅ ትልክልኛለች። ግድግዳ ብቻ ነው እኮ የሚለየን! «በአፍሽ ንገሪኝ» ብላት «ፊትሽን እያየሁ አይወጣልኝም» አለች። የሰው ልጅ ነገር ይገርማል።

ረጅሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አምፖሉን ቀየረልኝ። ድስቴን ሳሳርር አግኝቶኝ «እቴቴ፣ ይኼ ሦስተኛው ነው» አለኝ። ሁለተኛው መቼ እንደሆነ ጠይቂው፣ እኔ አላስታውስም። ሰው ሲያወራ ድስት ያርራል፣ ምን ይደረግ፤ ድሮም ያገባሁት ሥራዬን እንጂ ወጥ ቤቱን አይደለም።

የምትልኪው መንገደኛ ካለ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። ዓይኔ ደክሟል።

እቴቴ


ጥር 27

ይድረስ ለእቴቴ፣

ጤናዎን እንደምን ሰነበቱ።

ረጅሙ ትናንት ደወለልኝ። ሰላም አላለኝም። አንድ ነገር ከፈተና ስልኩ ላይ አስጠጋው። የራሴን ድምፅ ነው ያሰማኝ። «ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው እንጂ ትቼዋለሁ፣ እባክሽ እንዳትነግሪው» ስል ራሴን ሰማሁት። ያ ድምፅ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። እሱ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «ቋሚ ሥራውን ባለፈው ወር ለሌላ ሰጡት።» ከዚያ ዘጋው። ደጋግሜ ብደውል ብሎክ አድርጎኛል።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አልነገርኩም። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ምስጢር ጠበቅኩ እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ታዲያ የኔ ሲሆን ምን ነካዎት? ሊያስታርቁን ፈልገው ነው? ወይስ እሱ ቢሄድብዎት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው እንዳያጡ ፈርተው ነው? እንዲህ ማሰብ አልፈልግም፣ ግን ሌላ ምን ላስብ?

እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ታብሌቱ የተከፈተው በእኔ ስም ስለሆነ ከዚህ ሆኜ ዘግቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ የማንም ድምፅ ከዚያ ዕቃ አይወጣም። እርስዎም ይረፉ፣ ሰዉም ይረፍ።

ጤና ይስጥልኝ።


የካቲት 30

ይድረስ ለሚጢጢ፣

እንደምን አለሽ ልልሽ ብዕሬን አንስቼ ሁለት ቀን ፈራሁ። አንቱ አልሽኝ። የሽንት ጨርቅሽን የቀየርኩት እኔን አንቱ አልሽኝ። ይሁን።

ነገሩን ልንገርሽ። ጥሪ መጣ። ያንቺ ድምፅ ነው። ስለ ረጅሙ ያወራል። ስለ ረጅሙ የሚያወራ ጥሪ የረጅሙ ነው፤ ስለዚህ አገናኘሁት። ወሬ ማቀበልና ማገናኘት አንድ አይደለም፣ ይኼን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። መስመር ነው ያገኘሁለት።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜ ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። «እንዳትነግሪው» ብያለሁ ትያለሽ። እኔ ያንን አላስታውስም። ደብዳቤዎችሽን ካልጋዬ ሥር አውጥቼ ፈለግኩ፣ እውነትም በጥቅምቱ ላይ ጽፈሽዋል፣ እኔም ከሥሩ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። መቼ እንዳሰመርኩበት አላውቅም። ሚጢጢ፣ ፈራሁ። ይኼን የምነግረው ሰው የለኝም፣ የምደብቀውም ሰው የለኝም።

ልብስ ሰፊዋ ሄደች። ሱቋ ተዘግቷል። ልጇ መኪና ይዞ መጥቶ ሌላ ከተማ እህቷ ጋ ወሰዳት፤ ከምራቷ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ብቻ ቤቱ ሲናወጥ በግድግዳው ሰምቻለሁ። ስትወጣ በደጄ አለፈች፣ የስፌት መኪናዋ ከኋላ ታስሯል። እጄን አነሳሁላት። ፊቷን አዞረች። ሃያ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን እኮ! ያቺ ምራት ምን ብላ እንዳጣላችን እንጃ። አግዳሚዋንም ጭነው ሄዱ።

ረጅሙ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ዕቃው የይለፍ ቃል አስገቢ ይለኛል። የሞከርኩትን ሁሉ አይቀበልም። የተወለድኩበትን ዓመት፣ ያንቺን ስም፣ የማዞሪያውን ቁጥር። እንደ እኔ ላለ ሰው ዝም ያለ መስመር ምን እንደሆነ አታውቂም። ጥፋት ካጠፋሁ ቅጪኝ፣ ስደቢኝ፣ አንቱም በይኝ። ብቻ መልሰሽ አገናኚኝ። ሆዴ ብሶኝ ነው።

እቴቴ


ሚያዝያ 18

ይድረስ ለሚጢጢዬ፣

ሰላም ነሽ ወይ? መልስ አላየሁም። ፖስተኛውን ጠየቅኩት፣ ትከሻውን ነቀነቀ።

እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ለሁሉም እንደምን አደራችሁ እላለሁ፣ ማንም አይመልስም። መስመሩ በዝቶባቸው ይሆናል። አብዝቼ ስናገር ድምፄ ይዘጋል፣ ከዚያ ውኃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ እንደገና እጀምራለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት ትመጣለች ብዬ ወንበር ደጅ አውጥቼ ነበር፣ ሳትመጣ መሸ። ሥራ በዝቶባት ነው።

እናትሽን ሳሚልኝ። አትጽፍልኝም፣ ኩሩ ናት፤ ግን ደብዳቤዎቼን እንደምታነቢላት አውቃለሁ።

መነጽር ብታገኚ ላኪልኝ።

እቴቴ


ሰኔ 2

እቴቴ፣ እቴቴዬ፣

እንደምን ነሽ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። የየካቲቱን ደብዳቤሽን ሳልከፍተው ነው ያስቀመጥኩት። ከንዴቴ ብዛት ጽሕፈትሽን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። እሱንም የሚያዝያውንም ዛሬ በአንድነት ከፈትኳቸው። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። የቀበርሻት አንቺ ነሽ፣ እኔ መምጣት ስላልቻልኩ በእኔ ቦታ ቆመሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ።

ለምን ዛሬ እንደከፈትኩት ልንገርሽ። እዚህ አንድ የባንክ ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ አሉ። ጨዋ ናቸው፣ ሰው አያስቀይሙም። ሰሞኑን በየክፍሉ እየዞሩ በር መቆለፍ ጀመሩ። ዛሬ አንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆልፈውባት ስትጮህ አገኘናት። ሰዉ ሁሉ ጮኸባቸው፣ እኔም ጮህኩ። እሳቸው ግን ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ግራ ገብቷቸው ያዩናል፤ «ሰዓቱ ደርሷል እኮ» ይላሉ። ሐኪሙ መጣና እጃቸውን ያዘ። «አትቆጧቸው» አለን። «ሰውየው ሥራቸውን እየሠሩ ነው። የት እንዳሉ ነው የጠፋቸው።»

እቴቴ፣ ያን ጊዜ የያዝኩትን ትሪ አስቀምጬ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁና ደብዳቤዎችሽን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ስለ ረጅሙ የሚያወራ ጥሪ የረጅሙ ነው።» ያረረው ድስት። ከደረሰሽ በኋላም ሁለቴ የጠየቅሽኝ መነጽር። ስለ ልብስ ሰፊዋ የጻፍሽውን ሳነብማ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ እያለቀሰች ስለ ምራቷ የላከችልሽን ሁሉ ለምራቷ አገናኝተሽላታል። ምስኪን፣ ማን እንዳጣላችሁ እንኳ አታውቂም።

እኔ ይህን በሽታ በየቀኑ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። የሰው እናት አንድ ነገር ሁለቴ ስትጠይቅ ወዲያው እሮጥና ነርሷን እጠራለሁ። የራሴ ሰው ሲሆን ግን ከዳችኝ ብዬ ተቀየምኩ፣ ሳልጠይቅ ፈረድኩ፣ አፍሽን ዘጋሁት። ሰው የሚያወራው ሲያጣ ምን እንደሚሆን በጥቅምት እኔው ነበርኩ የጻፍኩልሽ።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። ያ ዕቃ ነው ያቆያት ወይስ በሽታዋን የደበቀብን? ብዬ። ብዙ ካሰበ በኋላ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ባልሰጣት ኖሮስ?» አልኩ። አላውቅም አለኝ። «ከነጠቅኳት በኋላ ያለውስ?» አልኩት፤ ወደ በሽተኞቹ ተመለሰ።

መስመሩን መልሼ ከፍቼዋለሁ። ነገር ግን እቴቴ፣ ከወዲያ በኩል ማንም የለም። ከግሩፑ አስወጥተውሻል። የማቅለሚያው ሹም ስለ ሚስቱ ሕመም የነገረሽን ለሚስቱ ነው ያገናኘሽው፤ ሕመሙ ምን ያህል እንደከፋባት እሷ እስከዚያ ድረስ አታውቅም ነበር። ለእያንዳንዳቸው ጻፍኩ፣ ታማለች፣ አውቃ አይደለም፣ እባካችሁ እንደምን አደርሽ ብቻ በሏት ብዬ ለመንኩ። አንዳንዶቹ «ያሳዝናል» አሉኝ። ለአንቺ የጻፈልሽ ግን አንድም የለም። ሰው የሚያሳዝነውን ይሸሻል፣ እዚህም እንደዚሁ ነው።

መምጣት አልችልም። ከዚህ አንዴ ከወጣሁ አያስገቡኝም። ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ጎረቤት ካለ፣ ማንም ይሁን፣ በር አንኳኪና አውሪ። ዝም አትበዪ። እለምንሻለሁ፣ ዝም አትበዪ።

ሚጢጢሽ


ነሐሴ 10

እቴቴ፣

ሰላም ይብዛልሽ። መልስሽን ጠብቄ ወሽመጤ ተቆረጠ። በታብሌቱም ብደውል ይጠራል፣ አታነሺም። አረንጓዴው ጠፍቶሽ ይሆናል።

ለረጅሙ በመሥሪያ ቤቱ በኩል በፖስታ ጻፍኩለት። እኔን እንደፈለግክ አድርገኝ፣ እሷን ግን እያት አልኩት። ትናንት አጭር መልእክት መጣልኝ፣ ከጥር ወዲህ ከእሱ ያገኘሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «ሄጄ ነበር። ከስታለች። በሩን ከፍታ ‹መብራቱ አልጠፋም እኮ፣ ማን ጠራዎት?› አለችኝ። ያንቺው ሰው ነኝ፣ የሚጢጢ ወንድም ነኝ፣ ረጅሙ ነኝ አልኳት። ‹ግቡ እንግዲህ፣ ከመጡ አይቀር ሶኬቱን እዩልኝ› አለች። አየሁላት። ደህና ነው ሶኬቱ።»

ሌላ አልጻፈም። ተቀይሜሻለሁም ይቅር ብዬሻለሁም አላለም።

እንግዲህ እንደ ድሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣልሽ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በእሱ አድራሻ ነው የላክሁት፤ ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ ለምኜዋለሁ። እቴቴ፣ እኔ ነኝ፣ ሚጢጢ ነኝ። ይቅር በይኝ። መስመርሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንቱ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሽውን ስምሽን በአንድ ደብዳቤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታሽን ካልሰማሁ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። አንድ ቃል በቂዬ ነው። በረጅሙ እጅም ቢሆን አጽፈሽ ላኪልኝ።

ሚጢጢሽ


ኅዳር 6

ይድረስ ለተከበሩ እመቤት፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤዎን መብራት ሠሪው አንብቦልኛል። እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ይኼንንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው። ደጋግመው ይቅርታ ጠይቀውኛል። እኔ ግን አላውቅዎትም፣ እርስዎም ምንም አልበደሉኝም። ሲያለቅሱ የጻፉት ይመስላል፣ አንጀቴን በሉት። ምናልባት የሌላ ሰው ጥሪ ወደኔ ተሳስቶ መጥቶ ይሆናል። ያጋጥማል። በሥራዬ ዘመን ብዙ አይቻለሁ። የሚፈልጓት ሴት የት ክፍል እንደሆነች ቢነግሩኝ አገናኝዎት ነበር።

እዚህ ሥራው ቀዝቅዟል። ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ጥሪ የለም። ልጆቹንም አሰናበቷቸው መሰለኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ፖስታው ላይ እንዳነበበልኝ ከሆነ፣ እርስዎ ባሉበት አገር እኔም የእህቴ ልጅ አለችኝ። ሚጢጢ ነው የምንላት። አሮጊቶች ታጥባለች፣ እጇ ለስላሳ ነው። ድሮ ትጽፍልኝ ነበር፣ አሁን ጠፋችብኝ። እንጃ፣ አንድ ሰው ስለኔ ክፉ ነገር ነግሯት ይሆናል። ካገኟት እባክዎን አደራዋ እኔ ዘንድ እንደተቀመጠ ነው በሉልኝ። ወንድሟን ልታመጣው የጀመረችውን ወረቀት እንደተወችው፣ እሱም በከንቱ እንደሚጠብቅ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በእኔ በኩል እንደማይወጣ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሰው አገር ሆና እንዳትጨነቅ ይንገሩልኝ።

ይኼን ካደረሱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ፣
ማዞሪያ

ይኼ የሚጽፍልኝ ሰው ሰማ ብለው ደግሞ እንዳይሰጉ። ጨዋ ነው፣ እየጻፈ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። ወንድሟንም አያውቀውም።